እንግዳ ከነመኪናው ሲያድር

ከባላገር ወደ ከተማ፥ ከጠረፍም ወደ መናገሻይቱ የሚመጣ ሰው የሚያርፍበትን ሆቴል ሲመርጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አልጋው፥ ስለ ውሃውና ስለ ዋጋው ነው። መኪና ይዞ ለሚመጣው ግን አንድ ጥያቄ ይጨመርበታል፤ ይኸውም «መኪናዬ የት ታድራለች?» የሚለው ነው። ጥያቄው ለብዙዎች ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን በሽተኛ ሽማግሌ ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ ከአልጋው ይልቅ የሚከብድበት ጊዜ እንዳለ በዓይኔ ስላየሁ፥ ለቤተሰብ ዓምድ አንባቢዎች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

በእርግጥ ነገሩ አዲስ አይደለም። አባቶቻችን በበቅሎ በሚጓዙበት ዘመን የመሸበት መንገደኛ ከአንድ ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል፥ ባለቤቱ «ይግቡ» ካለ በኋላ እንግዳው ገና ወደ ምድጃው ሳይቀርብ የበቅሎይቱ ኮርቻ ይወርዳል፤ ሣር ይጣልላታል፤ ጅብ ከማይደርስበት ስፍራም ትታሰራለች። የእንግዳው እግር የሚታጠበው ከዚያ በኋላ ነው። በቅሎው በሜዳ የታሰረችበት እንግዳ መደብ ቢነጠፍለትም እንቅልፍ እንደማይወስደው ባለቤቱ ያውቃልና።

በፒያሳ የሚገኘው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል መሆኑ የታወቀ ነው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ሥራውን ባስጀመሩበት ጊዜ በአዲስ አበባ መኪና አልነበረችም፤ የመጀመሪያይቱ አውቶሞቢል ወደ ከተማይቱ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የሆቴሉ ቀደምት እንግዶች ከደጁ ሲደርሱ የሚወርዱት ከበቅሎና ከፈረስ ነበር ማለት ነው። መኳንንቱ በገንዘብ እየገዙ ከሰው ፊት መብላትን እንደ ነውር ስለ ቆጠሩት፥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሄደው በልተው፥ ሒሳቡንም ከፍለው እንዳለማመዷቸው ሲነገር ኖሯል። ምግቡን ለመልመድ ንጉሥ አስፈለገ፤ በቅሎን ከግቢ አስገብቶ ማሰርን ግን ማንም ለማንም ማስተማር አላስፈለገውም።

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና፥ 770 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው መንገድ ላይ፥ በሻሸመኔም ሆነ በዲላ፥ በያቤሎም ሆነ በሜጋ የመንገደኛ ማረፊያዎች አሠራር ተመሳሳይ ነው። መካከሉ ግቢ ነው፤ ክፍሎቹ በግቢው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ደጁ የብረት መዝጊያ አለው፤ በውስጡም የጭነት መኪናው፥ የቤት መኪናውና ሞተር ብስክሌቱ ጎን ለጎን ያድራሉ። መንገደኛው ሌሊት ኮሽታ ቢሰማ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ መኪናውን ያይና ተመልሶ ይተኛል። አልጋው ምናልባት ይንቋቋል፤ ውሃው በባልዲ ይመጣ ይሆናል፤ በዚህ በኩል ነቀፌታ ቢቀርብባቸው እኔም አልከራከርላቸውም። ነገር ግን በቅሎይቱን አስቀድሞ የማሰሩን ወግ አልረሱትም። ወጉን የረሳችው ትልቋ ከተማ ናት።

ወደ ተነሣሁበት ልምጣ። እኔ የምኖረው በሞያሌ ከተማ በኢትዮጵያ ወገን ነው። ባለቤቴ የተወለደችው ግን በኬንያ ወገን፥ በሶሎሎ በኩል በሚደረስባት በኡራን ነው። በዚያ አገር የሚኖረው የቦረና ሕዝብ ነው፤ ቦረና ደግሞ ድንበሩ ከመሠመሩ በፊት ጀምሮ ከወዲህም ከወዲያም የኖረ ስለ ሆነ፥ የእኛ ጋብቻ ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የባለቤቴ አባት በሕይወታቸው ሙሉ ከብት ሲጠብቁና ሲያስጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። የግራ ዓይናቸው በልጅነታቸው በእሾህ ተወግቶ ጠፍቷል። የቀረው ቀኙ ነበር፤ እሱም ሞራ እየሸፈነው ሄዶ፥ ላሞቻቸውን በድምፅ እንጂ በመልክ መለየት ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏል።

የዓይን ሞራ ግርዶሽ የሚባለው ይህ በሽታ ብዙ ሽማግሌዎችን በየቤቱ አስቀምጧል። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ጥናት ዓይነ ስውር ከሆኑት ሰዎች መካከል ግማሽ የሚሆኑት የታወሩት በዚሁ ሞራ ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። መድኃኒቱ ቀዶ ጥገና ነው፤ ሐኪሙ የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። ሥራው ዓይኑን ብቻ በማደንዘዝ የሚፈጸምና ረጅም ጊዜ የማይወስድ ስለ ሆነ፥ በሽተኛው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ዓይኑ ታሽጎ ወደ ቤቱ ይሰናበታል፤ በማግሥቱ ተመልሶ ማሸጊያው ይነሣለታል።

እንግዲህ «ወደ ቤቱ ይሰናበታል» የምትለዋን ቃል አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። ቤቱ በኡራን የሆነ ሰው ወዴት ይሰናበታል? የእሱ የማገገሚያ አልጋ ሆቴል ነው፤ ሆቴሉም ለሆስፒታሉ ቅርብ ሊሆንለት ይገባል። በዓይኑ ፋሻ ያለበት ሽማግሌ በታክሲ ተራ ተጋፍቶ አይሳፈር፤ በአቧራና በግፊያ ውስጥ አይሄድ። ስለዚህ መኪናው ወደ እሱ መምጣት አለበት። በከተማ መካከል ያለ ሆቴልና የመኪና ማደሪያ ያለው ግቢ እንዲህ ላለው ቤተሰብ የቅንጦት ነገር አይደለም።

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ቀጠሮ ተገኘላቸው። ይህ ሆስፒታል ከመቶ ዓመት በላይ የኖረና በዓይን ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው። የባለቤቴ ወንድም አባቱን ከኡራን በመኪናው አምጥቶ በኬንያ ወገን አወረዳቸው፤ እኛም እጃቸውን ይዘን፥ በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መሪዎች የተመረቀውን የጋራ የድንበር ጣቢያ አልፈን በእግር ተሻገርን። ወደ እኔ መኪና ስንደርስ የግራውን በር ዳብሰው ከፍተው ሊገቡ ሲሉ እጃቸው ከመሪው ላይ አረፈ። «እናንተ ልጆች! ዛሬ ደግሞ እኔን ልታስነዱኝ ነው?» ብለው ሳቁ። በኬንያ መኪና የሚነዳው ግራውን ይዞ ስለ ሆነ መሪው በስተቀኝ ነው፤ እኛም ጥንት ግራውን ይዘን እንነዳ ነበር፤ ወደ ቀኝ የዞርነው ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። አማቴ አገር መለወጣቸውን የነገራቸው ያ መሪ ሆነ።

በዲላ አድረን በማግሥቱ ማታ አዲስ አበባ ገባን። ሆቴሉን ከሞያሌ ሳንነሣ በስልክ ይዘነው ነበር። «ከመሃል ከተማ ነው፤ ፓርኪንግም አለን» ብለውን ነበር፤ የመጀመሪያው ቃል እውነት ነበር። ሁለተኛው ግን ከደጁ ስንደርስ የሆቴሉ ፊት ለፊት ያለው የመንገድ ዳር ሆኖ ተገኘ። በቀን ብርሃን በዚያ ስፍራ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ቲኬት እየቆረጡ መኪና ይጠብቃሉ፤ ሲመሽ ግን እነሱም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የሆቴሉ ዘበኛ «እኔ አለሁ፤ አታስቡ» አለን። ክፍላችን ከአራተኛው ፎቅ ነበር፤ አሳንሰሩም በዚያን ቀን አይሠራም። ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ ደረጃውን አንድ ሁለት እያሉ ሲወጡ ባለቤቴ ከኋላ፥ እኔ ከፊት ሆነን ደገፍናቸው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወርጄ ባይ ዘበኛው ከስፍራው አልነበረም፤ መኪናይቱ ግን እንደ ቆመች ነበረች። ጠዋት 1 ሰዓት ስንወርድ ስፖኪዮ የሚባለው የቀኝ ጎን መስተዋት ከነማቀፊያው ተነቅሎ ተወስዷል። ይህስ ይሁን፤ መስተዋት ይገዛል። የባሰው፥ ባለቤቱ ያልታወቀ ሌላ መኪና ከጎናችን ደርቦ ቆሞ መውጫ አሳጥቶናል። ጡሩምባ ነፋን፤ በየሱቁ ጠየቅን፤ ዘበኛውም ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ብቅ ብሎ አብሮን ጠየቀ። የቀጠሮው ሰዓት 2 ነበር። ያ ተራ ቢያልፍ የሚቀጥለው መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ የለም።

በስልክ የሚጠራ ታክሲ አስመጥተን አማቴን ይዘን ሄድን። «መኪናችን ምን ሆነች?» ብለው ጠየቁን። ባለቤቴ «ረጅም መንገድ ስለ መጣች ትረፍ ብለን ነው፥ አባ» አለቻቸው። ይህን ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት የደም ግፊት ይለካል፤ ግፊቱ ከፍ ብሎ የተገኘ ሰው ሥራው ለሌላ ቀን ሊተላለፍበት ይችላል። ከብት አርቢ ደግሞ ንብረት መሰረቁን ሲሰማ ደሙ ምን እንደሚሆን ልጃቸው ታውቃለች። ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ደረስን፤ ግፊታቸውም ደኅና ሆኖ ተገኘና ገቡ።

እኔ ከሆስፒታሉ ደጅ ስጠባበቅ ባለቤቴ ሌላ ሆቴል ፍለጋ ወጣች። ሴቶች በእንዲህ ያለው ነገር ከእኛ ከወንዶቹ ይልቅ ቁርጥ ያለ ነገር ያውቃሉ። ከአንዱ እንግዳ መቀበያ ወደ ሌላው ስትገባ የጠየቀችው ስለ ክፍሉ አልነበረም፤ «እባካችሁ አስቀድማችሁ ግቢውን አሳዩኝ» ትል ነበር። አንዱ ያሳያት ከሕንፃው በታች ያለውን ምድር ቤት ሲሆን፥ መግቢያው ዝቅ ያለ ስለ ነበረ ፖርቶ መጋላ የተጫነባት የእኛ መኪና አታልፍበትም። የሌላው ምድር ቤት በሣጥንና በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቷል። ይህ በከተማይቱ የታወቀ ነገር ነው፤ ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ በፕላን የተፈቀደው ቦታ ሱቅና መጋዘን ሆኖ የተገኘበት ሕንፃ ጥቂት አይደለም፤ የከተማው አስተዳደርም ቦታው ለተፈቀደለት ሥራ እንዲመለስ ባለንብረቶችን ሲያሳስብ ቆይቷል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያን የመሳሰሉ አዳዲስ ግንባታዎች ሰፊ ማቆሚያ ይዘው መሠራታቸው መልካም ነው። ይሁን እንጂ ሌሊት ከአልጋ ተነሥቶ ወደ መኪናው ለሚሮጥ ሰው፥ በሩቅ ያለ ሰፊ ማቆሚያ በቅርብ ካለ ጠባብ ግቢ አይበልጥበትም።

በመጨረሻ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው በኩል አንድ አሮጌ ሆቴል አገኘች። ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ስሙን አልጽፍም። ግቢው አሥራ አምስት ያህል መኪና ይይዛል፤ ከመሬቱ ቤት ያለው ክፍል በር የሚከፈተው ወደ ግቢው ነው። የጥበቃው ሰው የመኪናውን ታርጋ፥ የክፍሉን ቁጥርና የገባበትን ሰዓት በደብተር ጻፈ፤ መስተዋቱ መጉደሉንም አይቶ አብሮ መዘገበ፤ «ኋላ እኛ ጋ ጠፋ እንዳይባል» አለ። እኔ ይህን ጽሕፈት ሳይ የተሰማኝን ደስታ ከመጠን ያለፈ የሚለው ሰው ይኖር ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፤ ሌሊት የምንወጣ ከሆነ ከበሩ አጠገብ እንድንቆም። «በሽተኛ አለን» ስንለው ሌላ መኪና አስነሥቶ ከበሩ ፊት ቦታ ሰጠን። ዋጋው ከፊተኛው ይበልጥ ነበር፤ አልተከራከርንም።

አማቴ ቀኝ ዓይናቸው ታሽጎ ከሰዓት በኋላ ወጡ። ነርሷ ያዘዘችን እንዲህ ነው፦ ዓይኑን አይሹት፤ አያጎንብሱ፤ ከባድ ነገር አያንሡ፤ ውሃ እንዳይነካው፤ ሕመሙ ከበረታ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧቸው። ደረጃ የሌለው ክፍል ገብተው ተኙ።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ተነሥተው ተቀመጡ። በመጀመሪያ ምንም አላሉም፤ የቦረና ሽማግሌ ሕመሙን የሚናገረው ከመሸነፉ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ኋላ ግን «ልጄ፥ ዓይኔ ውስጥ እሳት አለ፤ ራሴንም ከፈለው» አሉ። ማስመለስም ጀመራቸው። ባለቤቴ ነጠላዋን ስታነሣ እኔ መኪናይቱን አስነሣሁ፤ ከክፍሉ በር እስከ መኪናይቱ በር ስምንት እርምጃ አይሞላም። ጥበቃው የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ መዝጊያውን ከፈተ፤ ምንም አልጠየቀም። መንገዱ ባዶ ነበርና በጥቂት ደቂቃ ከሆስፒታሉ ደረስን። ተረኛዋ ሐኪም መርምራ፥ የዓይኑ የውስጥ ግፊት ከፍ ማለቱን፥ ይህም ከእንዲህ ያለው ቀዶ ጥገና በኋላ በመጀመሪያው ሌሊት አልፎ አልፎ የሚያጋጥም መሆኑን ነገረችን። መድኃኒት ሰጠቻቸው፤ ሰዓታት ጠብቃ እንደ ገና ለካች፤ ወረደ። «ደግ ቶሎ አመጣችኋቸው» አለች። እኔ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ያለፈውን ሌሊትና ከጎናችን ደርቦ የቆመውን ባለቤት አልባ መኪና ነበር፤ አራት ፎቁንም ጭምር።

ጠዋት ማሸጊያው ተነሣ። አማቴ አስቀድመው ያዩት የነርሷን እጅ ነው፤ ከዚያም የልጃቸውን ፊት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ከስተሻል» አሏት። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ባለቤቴ ግን ወደ ውጭ ወጥታ ጥቂት ቆይታ ተመለሰች።

ከሆቴሉ ግቢ ስንደርስ ከመኪናይቱ ወርደው ዙሪያዋን ዞሩ። ከሞያሌ ጀምሮ የተቀመጡባትን መኪና መልኳን ሲያዩ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። በቀኙ በኩል ሲደርሱ ቆም ብለው የተነቀለበትን ስፍራ በጣታቸው ነኩ። «ይህች አንድ ጆሮ የላትም» አሉ። እኛ ዝም አልን። «መቼ ነው የጠፋው?» አሉ። ባለቤቴ እውነቱን ነገረቻቸው። «አሃ፥ ያን ጊዜ ነው ትረፍ ያላችኋት» ብለው ልጃቸውን በዚያች ባንዲት ዓይናቸው አዩአት። በእኛ በኩል ያለው ደስታ ከዚያ ተግሣጽ ይልቅ ስለ በለጠ ራሳችንን ዝቅ አድርገን ሳቅን።

ሐኪሞቹ ለሁለተኛ ጊዜ እስኪያዩአቸው ድረስ ሦስት ሌሊት በዚያው አደርን። በዚህ መካከል መኪና ይዞ ወደ ከተማ ለሚመጣ ወዳጄ ሁሉ የምነግረውን ነገር ለራሴ አሰባሰብሁ። በስልክ «ፓርኪንግ አላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለን» ነውና። በግቢ ውስጥ ነው ወይስ በመንገድ ዳር? በሩ የሚዘጋው በስንት ሰዓት ነው፤ ሌሊትስ የሚከፍተው ማን ነው? አንዱ ከሌላው ኋላ ተደርቦ የሚቆም ከሆነ ቁልፉ ከማን እጅ ያድራል? በተለይ በሽተኛ የያዘ ሰው ይህችን የመጨረሻይቱን ጥያቄ ሳያፍር ይጠይቅ። የሆቴል ባለቤቶችም ቢሆኑ የክፍሉን ፎቶግራፍ በሚያሳዩበት ስፍራ የግቢያቸውን ፎቶግራፍ ቢጨምሩበት ይጠቀማሉ እንጂ አይጎዱም።

አማቴ በነዚያ ሦስት ቀናት ሲመሽ ወንበር እያስወጡ ከክፍሉ በር ላይ ይቀመጡ ነበር። አቧራ እንዳይገባባቸው ጥቁር መነጽር አድርገው፥ ዘንጋቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፥ የሚገቡትን መኪናዎች ይቆጥራሉ። የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብለን አየናቸው። በሁለተኛው ቀን ማታ፥ ጥበቃው መዝጊያውን ሊዘጋ ሲል፥ በልጃቸው አስተርጓሚነት ጠሩት። ሰውዬው ቀርቦ እጅ ነሣ።

«ትናንት አሥራ ሦስት ገብተው ነበር» አሉት፤ «ዛሬ አሥራ አንድ ናቸው። ሁለቱ የት ቀሩ?»

ጥበቃው ደብተሩን አውጥቶ በባትሪ እያበራ ቆጠረና፥ ነጩ መኪና ወደ ደሴ፥ ሌላው ወደ ጅማ ከጠዋት እንደ ሄዱ አስረዳቸው። አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልካም» አሉ፤ «እንግዲያስ ዝጋ።»